የፍሬን መብራት እምቢ ሲል፦ የቮልስ ባለቤቶች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

እዚህ ሱሉልታ ወደ ጋራዡ የሚመጣው የቮልስ ባለቤት ብዙ ጊዜ ከመኪናው ሳይወርድ ምርመራውን ጨርሷል። «የፍሬን መብራቱ ስዊች ሞቷል፤ ግጠምልኝ» ይላል። አዲሱ ስዊች ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ኪሱ ውስጥ ነው። ሳይፈትሹ መግዛት የስህተቶች ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ስዊቹ ፔዳሉ ሲረገጥ ሁለት ሽቦ ከማገናኘት ሌላ ሥራ የለውም። ስለዚህ ሽቦዎቹን ከስዊቹ ንቀሉ፣ የሞተር ቁልፉን ክፈቱ፣ ሁለቱን ሽቦዎች አነካኩ። ጫፋቸው የመኪናውን አካል እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ፊውዝ ያቃጥላል። የኋላው መብራት ከበራ ጥፋቱ የስዊቹ ነው። ካልበራ ግን አሥር ስዊች ብትቀያይሩ ምንም አታገኙም፤ ችግሩ ፊውዝ፣ አምፖል፣ ሽቦ ወይም ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል የሚመለስበት መንገድ) ላይ ነው። ስዊቹ ባለ ሦስት እግር ከሆነ አንዱ እግር ወደ ዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራት የሚሄድ ስለሆነ፣ የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ አትነካኩ። የሞተር ቁልፉን ክፈቱ ማለቴም ያለ ምክንያት አይደለም። የቮልስ የፍሬን መብራት ቁልፍ ተዘግቶ አይሠራም፤ ቁልፉን ቤት ትተው ፔዳል እየረገጡ መብራቱ ሞተ የሚሉ ሰዎች አይቻለሁ።

ፊውዝን በዓይን ብቻ አይቶ ማለፍም አለ። የድሮው ቮልስ ፊውዝ መሐሉ ሳይበጠስ ጫፎቹ ዝገው ኤሌክትሪክ ሊከለክሉ ይችላሉ። መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት።

ማሳ ብዙ ሰው ያታልላል። ፍሬን ስትይዙ የኋላው ትንሽ መብራት ከደከመ ወይም ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ፣ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በሌላ አምፖል በኩል መንገድ እየፈለገ ነው። የአምፖሉ ቤት ከጎማው መሸፈኛ ብረት (ፓራፋንጎ) ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝጓል ማለት ነው። ከአምፖሉ ቤት ወደ ንጹሕ የመኪናው ብረት አንድ ሽቦ ዘርጉና ሞክሩ፤ መልሱን ወዲያው ታገኛላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ የሚያዘናጋ ፈተና አለ። አንዱ ከኋላ ቆሞ ያያል፣ ሌላው ፔዳሉን በሙሉ ኃይሉ ይረግጣል። «በርቷል!» ይባላል፤ ሥራው አለቀ። የቮልስ ስዊች ግን በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠራ ስለሆነ፣ ሲያረጅ ጠንካራ ግፊት ካላገኘ አይገናኝም። መንገድ ላይ ደግሞ ፍሬን የሚያዘው በዝግታ ነው፤ በተለይ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ከኋላ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ተከትሏችሁ፣ በክረምት ጭጋግ። ስለዚህ ስትፈትሹ ፔዳሉን በጣት እንደምትነኩት ያህል ቀስ አድርጋችሁ ጀምሩ። መብራቱ የሚበራው መኪናው ሊቆም ሲል ብቻ ከሆነ ስዊቹ ጊዜው አልፏል። ሁለት መስመር ፍሬን ያላቸው ቮልሶች ላይ ደግሞ ስዊቹ ሁለት ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ስለሚሸፍንለት ማንም ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ለየብቻ ፈትኗቸው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። በቮልስ ላይ ይህ ስዊች የኤሌክትሪክ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የፍሬኑ አካል ነው። ከፊት ግራ ጎማ ጀርባ ካለው ፍሬን ማስተር (የእግራችሁን ኃይል ወደ ዘይት ግፊት የሚቀይረው ዕቃ) ላይ ተጠምዝዞ የገባ፣ በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። እሱን ፈታችሁ ማለት ፍሬን ፈታችሁ ማለት ነው። ዘይት ይወጣል፣ አየር ይገባል። ዘይት ተጨምቆ አያንስም፤ አየር ግን ያንሳል፤ እግራችሁ አየሩን ሲጨምቅ ጎማው ጋ የሚደርስ ኃይል አይኖርም። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ነገር ግን ሥራውን የሚይዘው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ኃላፊነቱ ሽቦው ላይ የሚያበቃ ይመስለዋል። መብራቱ በራ፣ ሂሳብ ተቀበለ፣ መልካም መንገድ!

አንድ ጡረተኛ መምህር ደንበኛ አሉኝ። ስዊቹን መንገድ ዳር አስቀየሩ። ሜዳው ላይ ፔዳሉ ትንሽ ለስልሶ ነበር፤ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ወለሉን ነካ። ማርሽ ቀነሱ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ አስገብተው አቆሟት። የእጅ ፍሬኑ በገመድ እንጂ በዘይት ስለማይሠራ ነው የዳኑት። ገንዘብ የከፈሉበት መብራትም በዚያች ሰዓት አልበራም፤ ግፊት ከሌለ ስዊቹ በምን ይገናኝ?

እንግዲህ ስትቀይሩ አዲሱን አዘጋጅታችሁ አሮጌውን ፍቱ፣ ወዲያው አዲሱን አስገቡ፣ ጎደሎውን በትክክለኛው የፍሬን ዘይት ሙሉ፤ የሞተር ዘይት በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያበላሻል። ከዚያ በአራቱም ጎማ ካለው የፍሬን መስመር አየሩን አስወጡ። የስዊቹ ጥርስ ወደ ጫፉ የሚሾጥ ስለሆነ ሲጠብቅ ራሱ ይዘጋል፤ በፕላስተር አትጠቅልሉት፣ አቅማችሁን ሁሉ አታሳዩበት። ፔዳሉ ጠንክሮ ካልቆመ መኪናው ከግቢ አይወጣም። አሮጌው ስዊች እግሮቹ ላይ ዘይት ካረጠበ ደግሞ መብራቱ እየበራም ቢሆን ቀይሩት።

ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ መብራቱን ዘወትር እንዲበራ ማድረግ፣ ወይም ዳሽቦርድ ላይ በእጅ የሚጫኑት ቁልፍ መትከል፦ ስለዚህ ብዙ አልናገርም። ዓመታዊ ምርመራውን ያሳልፍ ይሆናል፤ ከኋላችሁ ያለውን ሾፌር ግን ትዋሹታላችሁ።

ላዳ ያላችሁ፣ የእናንተ ስዊች ፔዳሉ ጋ ስለሆነ ዘይት ውስጥ አትገቡም። ብሎኑን አብዝታችሁ ካስጠጋችሁት ግን ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ፍሬኑ ተይዞ ይቀርና ጎማው ይግላል።

አዲስ ስዊች ቶሎ ቶሎ ለሚሞትባችሁ፦ ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 3.5 አምፔር ይስባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩ ብዙ ቮልሶች ደግሞ 6 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 18 ዋት አምፖል እዚያ 6 አምፔር ይጠይቃሉ። ይህ ሁሉ ስዊቹ ውስጥ ባለች ትንሽ መገናኛ ያልፋል፣ ያቃጥላታልም። ሬሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ተነሥቶ ትልቁን የሚያስተላልፍ ማብሪያ) ብታስገቡ ስዊቹ ሬሌውን ብቻ ያነሣል፤ የአምፖሉ ኃይል በፊውዝ ተጠብቆ በሬሌው በኩል ይሄዳል። ለ6 ቮልት መኪና የ6 ቮልት ሬሌ ግዙ፤ ባለ 12 ቮልቱ አይነሣም።