ወደ አርባ ምንጭ ለምትወጡ፦ ሰው ሳታስቀይሙ ሄዶ ስለመመለስ

ሰሞኑን አርባ ምንጭ ልንሄድ ነው ምን እንያዝ የት እንረፍ የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል። ሀይቁ የሚታየው ሆቴል የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም፣ እኔ በዚ መንገድ በባስ ስመላለስ ብዙ አመት ስለሆነኝ ልነግራችሁ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፣ ስለ ጠባይ ነው። ሰፈሩ ሲሆን ጎረቤቱን ሰላም ሳይል የማያልፍ፣ ለሽማግሌ ከወንበሩ ብድግ የሚል ልጅ መንገድ ሲወጣ "እዚ ደሞ ማን ያውቀኛል" ይልና ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። መንገድ ላይ ያየሁት ክፉ ነገር አብዛኛው ከዚች "ማን ያውቀኛል" ከምትባል ነገር ነው የሚመጣው።

ከባሱ እንጀምር። ከለሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቡታጅራ በሆሳዕና አርጎ ሶዶን አልፎ ነው የሚገባው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ማለትም ቀኑን ሙሉ ከማታውቁት ሰው ጋ ትከሻ ለትከሻ ነው የምትውሉት። ስለዚ ገና ስትቀመጡ "እንደምን አደሩ" በሉ። ቀላል ይመስላል ግን ሰላምታ የተባባለ ሰው በኋላ በወንበርና በሻንጣ አይጣላም፣ ያፍራል። ኢርፎን ያዙ፣ ቲክቶክ በላውድ ከፍቶ ከለሊት ጀምሮ ሃምሳ ሰው የሚቀሰቅስ ሰው አለ፣ እባካችሁ እሱን አትሁኑ።

የመስኮት ነገር ደሞ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። እኛ ሀገር ባስ ውስጥ እንደ መስኮት የሚያጣላ ነገር የለም፣ አንዱ ታፍኜ ልሞት ነው ክፈቱ ይላል አንዷ ብርድ ይመታኛል ልጅ ይዣለሁ ዝጉ ትላለች፣ ከዛ "በገዛ ወንበሬ" ምናምን ተብሎ ግማሽ መንገድ ኩርፊያ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ መስኮት ስትከፍቱ ንፋሱ የሚመታው እናንተን አይደለም፣ ከኋላችሁ ያለውን ሰው ነው። ስለዚ ከመክፈታችሁ በፊት ዞር ብላችሁ "ትንሽ ልክፈት? ያስቸግሮታል?" በሉ። ብርድ የሚፈራውን ሰውዬ ባላገር ነው ብላችሁ አትሳቁበት፣ ከልቡ ነው የሚፈራው። ጎናችሁ ያለው ሰው የሚያስመልሰው ከሆነ ደሞ ሳይጠይቃችሁ መስኮቱን ልቀቁለት፣ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ሶስት የማያፈስ ከረጢትና አንድ ሎሚ መያዝ ምንም አይከብድም፣ ሎሚውን ሲያሸት ብዙ ሰው ይሻለዋል። የተሞላው ከረጢት በመስኮት አይወረወርም፣ ቋጥሮ ይዞ መኪናው ሲቆም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው።

አንድ ጊዜ አጠገቤ አንዲት እናት ነበሩ፣ ሰባ አመት የሚሆናቸው፣ ውሃ ስሰጣቸው እምቢ አሉኝ፣ ቆሎ ስሰጣቸውም እምቢ፣ ቡታጅራን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ ፊታቸው ላብ በላብ ሲሆን "እማማ አሞታል እንዴ?" ስላቸው ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው ሽንት እንደያዛቸውና ሹፌሩን ለመጠየቅ እንዳፈሩ ነገሩኝ። ለካ ውሃ ያልጠጡት በዚ ምክንያት ነው፣ ከማታ ጀምሮ። ተነስቼ ሄጄ ለረዳቱ ቀስ ብዬ ነገርኩት፣ እሱም ጥሩ ልጅ ነበር "አምስት ደቂቃ እረፍት" ብሎ አስቆመ፣ ማንም ምክንያቱን አላወቀም። ከዛን ቀን ጀምሮ ትልቅ ሰው ወይ ነፍሰ ጡር አጠገቤ ካለች እንደ ራሴ ጉዳይ አርጌ ቀድሜ ነው የማስቆመው። እናንተም እንደዚ አርጉ፣ "እኔን ያዘኝ" በሉ፣ እናንተ ወጣት ናችሁ ምንም አትሆኑም።

ምግብ ስትከፍቱ "እንብላ" ማለት የታወቀ ነው፣ ግን ሮብና አርብ ከሆነ ወይ ፆም ከሆነ ስጋ ያለበትን ነገር ተዉት፣ ታፍኖ በተቀመጠ መኪና ውስጥ ሽታው ለሚፆም ሰው ከባድ ነው። በዛ መንገድ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም አብሮ ነው የሚሄደው፣ እንግዲህ ሰው ፊት ተመልክታችሁ እምነቱን አትገምቱ። ሌላው የማልወደው ጥያቄ "ብሄርህ ምንድነው" የሚለው ነው። "ወዴት ነህ፣ ቤተሰብ ጋ ነው?" ብላችሁ ጀምሩ፣ ሰውየው ራሱ መናገር የፈለገውን ይናገራል። በዚ ዘመን ያቺ ጥያቄ ስትመጣ ሰው ሰውነቱ ሲኮማተር አይቻለሁ። እና ሹፌሩን "ንዳው እንጂ" አትበሉት በናታችሁ፣ በዛ መንገድ ላይ ከብትም አህያም ህፃንም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ መንገድ ዳር ስላሉት ልጆች። ባሱ ሲቆም ሙዝ አቮካዶ ማንጎ በሳህን ተሸክመው መስኮት ስር ይመጣሉ። ሶዶ ሳንደርስ አንድ ከተማ ላይ ከፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ከአንዲት ትንሽ ልጅ ሙዝ ገዛች፣ ልጅቷ አስር አመት ቢሆናት ነው፣ ሙዙን በመስኮት አቀበለቻት፣ ሴትዮዋ ቦርሳዋን እየበረበረች እያለ ባሱ ተነሳ። ልጅቷ የባሱን ቆርቆሮ በእጇ እየመታች ትሮጣለች፣ ሳህኑን ጭንቅላቷ ላይ በአንድ እጇ ይዛ፣ ሙዝ እየወደቀባት፣ አንዴ ወደ ወደቀው ታያለች አንዴ ወደ መስኮቱ። ሴትዮዋ "በቃ ስመለስ እሰጣታለሁ" አለች። እኔ "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ፣ ሹፌሩ ደንግጦ ያዘው፣ ወርጄ ከኪሴ ሰጥቻት ስመለስ ረዳቱም ተሳፋሪውም አጉረመረመብኝ። ያጉረምርሙ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው ናት ብዬ አላስብም፣ ዝርዝር አልያዘችም፣ ልጅቷ ደሞ አታውቃትም፣ በቃ ይሄው ነው። ግን የዛች ልጅ እናት ማታ ሳህኑን ስትቆጥር ምን እንደምትላት አስቡት።

ስለዚ ከቤት ስትወጡ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ባለ አስር ባለ ሃምሳ፣ ሞባይል ላይ ያለ ብር ለመስኮት ስር ልጅ አይሰራም። ብሩን መጀመሪያ በእጃችሁ ያዙ፣ ከዛ እቃውን ተቀበሉ። ከልጅ ጋ ዋጋ አትከራከሩ፣ እዚ አዲስ አበባ ለአንድ ማኪያቶ የምታወጡትን ታውቁታላችሁ።

ሃይላንድ ደሞ አለ። ከመንደር ወጣ ስትሉ ልጆች "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ መኪና ሲያሳድዱ ታያላችሁ፣ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ነው የሚፈልጉት፣ ለውሃ መቅጃ ለዘይት መያዣ ይጠቅማቸዋል ወይ ይሸጡታል። ሰው ደግ የሰራ እየመሰለው በመስኮት ይወረውርላቸዋል። እኔም እወረውር ነበር። አንድ ቀን ሁለት ልጆች አንዱን ጠርሙስ ሲሻሙ አንደኛው አስፓልት መሃል ገባ፣ ከኋላችን ሲኖትራክ እየመጣ ነበር፣ ልጁ ለጥቂት ነው የተረፈው፣ የፍሬኑ ድምፅ እስካሁን አይረሳኝም። ከዛ ወዲህ አልወረውርም። ጠርሙሶቹን ሰብስባችሁ መኪናው ምሳ ሲቆም ሰሃን አጣቢዋን "ይጠቅምሻል ወይ" ብላችሁ በእጅ ስጧት፣ ወይ የራሳችሁ መኪና ከሆነ ዳር ይዛችሁ ቁሙና በእጅ ስጡ። መንገድ ላይ እየጨፈሩ መኪና ለሚያስቆሙት ልጆችም እንደዛው ነው፣ ጭፈራቸው ያምራል እውነት ነው፣ ግን ከመኪና የሚወረወር ብርና ከረሜላ ነው ልጁን በትምህርት ሰዓት አስፓልት ላይ የሚያቆመው። መስጠት ከፈለጋችሁ ደብተርና እስክርቢቶ ገዝታችሁ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አስረክቡ፣ ለማን እንደሚገባው እሱ ያውቃል።

አርባ ምንጭ ስትገቡ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፣ ቀን ቀን ሰው ጥላ ስር ነው፣ ቶሎ ቶሎ በሉ እያላችሁ አስተናጋጅ አታጣድፉ፣ አሳው ለብለብም ሆነ ጉላሽ ይደርሳል። ጫሞ ሀይቅ ላይ በጀልባ ስትወጡ ጀልባ ነጂውን ጉማሬው ጋ ጠጋ በል ለፎቶ አትበሉት። ብር የምትከፍሉት እናንተ ስለሆናችሁ እምቢ ማለት ይከብደዋል፣ ግን ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል፣ እሱ ነገም ከነገ ወዲያም እዛው ውሃ ላይ ነው የሚውለው። ስፒከርም ይዛችሁ አትሂዱ።

ከዛ ዶርዜ የሚባለው የጋሞ መንደር አለ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ሲወጣ፣ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ግን አየሩ በአንዴ ይቀየራል፣ ጋቢ ያስፈልጋል። እዚ ላይ ረጋ በሉ። ቤቶቹ ከቀርከሃ የተሰሩ ናቸው፣ ፊታቸው የዝሆን ግንባር ይመስላል፣ ምስጥ ከስር ሲበላው ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል፣ ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ሰው ተሰብስቦ ተሸክሞ ያዛውረዋል። የምትገቡት የሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ ሙዚየም አይደለም፣ እናትየው እዛው እሳት ዳር ተቀምጠው ይሆናል። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብላችሁ ግቡና "ሳሮ" በሉ፣ ሰላምታቸው ነው፣ በጋሞም በወላይታም ይሰራል። ያቺን አንዲት ቃል ስትሉ የሰው ፊት እንዴት እንደሚበራ ሄዳችሁ እዩት። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የትም ሄደን በአማርኛ መልስ ስለምናገኝ የሰው ቋንቋ አንድ ቃል እንኳን ሳንይዝ ሄደን እንመለሳለን፣ እኔ ይሄ ያሳፍረኛል።

ቆጮ በዳጣ ያቀርቡላችኋል። እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሰንብቶ ነው ቆጮ የሚሆነው፣ ስራው የሴቶች ነው፣ ጉልበት ይጨርሳል። ኮምጠጥ ይላል፣ ካልለመዳችሁት ትንሽ ቆርሳችሁ ቅመሱ፣ ግን ፊታችሁን አታጨማዱ፣ "ይሄ እንዴት ይበላል" ብላችሁ እርስ በርስ አትሳሳቁ፣ አማርኛ ይሰማሉ። አንድ ቡድን እንደዛ ሲስቅ የቤቱ ልጅ ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደራሱ ሲስበው አይቻለሁ፣ ምንም አልተናገረም።

ሽመናውን ስታዩም እንደዚ ነው። ሽሮ ሜዳ የምትገዙትን ነጠላና ጋቢ የሚሰሩት ብዙዎቹ ከዚ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ለሰርግም ለጥምቀትም የለበሳችሁት የነሱ እጅ ነው። ሸማኔ ሲባል ዝቅ አርጎ የሚያይ አነጋገር ትልልቆች አፍ ላይ ዛሬም አለ፣ እናንተ ግን እሱን ይዛችሁ አትሂዱ። ዋጋ መከራከር ይቻላል፣ ግን ስንት ቀን እንደፈጀበት መጀመሪያ ጠይቁት፣ ከዛ በኋላ ግማሹን ቀንስልኝ ለማለት አፋችሁ ራሱ እምቢ ይላል። አስጎብኚ ስትይዙ ከአካባቢው ልጆች ያዙ፣ መንገዱን እናውቀዋለን ብላችሁ አትለፏቸው፣ የእለት እንጀራቸው ነው። የነዛ ልጆች አባቶች እኮ ናቸው 2011 መስከረም ላይ አዲስ አበባ አጠገብ ቡራዩ ላይ በጋሞ ሰዎች ላይ የደረሰውን ግድያ ሰምቶ በቁጣ የወጣውን ወጣት እርጥብ ሳር ይዘው ፊቱ ተንበርክከው የመለሱት። ማን ቤት እንደገባችሁ ይሄን ካወቃችሁ አነጋገራችሁም ይስተካከላል።

ፎቶ ስታነሱ ጠይቁ። ካሜራውን ደግኖ በእጅ ምልክት "ይቻላል?" ማለት አይደለም፣ መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ሰላም በሉ፣ ከዛ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ እሺ በሉ። ካነሳችሁ አሳዩአቸው፣ እልክሎታለሁ ካላችሁ ደሞ ላኩ። ያችን ቃል የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ጥጥ የሚፈትሉ አንዲት እናት አንስቼ እልካለሁ ብዬ ስድስት ወር ረስቼ ነበር፣ ስመለስ ስሜን ከነ አባቴ ስም ጠርተው "ፎቶዬስ?" አሉኝ፣ እኔ ግን የሳቸውን ስም ረስቼው ነበር። ማን ያውቀኛል ስል የኖርኩት ሰውዬ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ስመለስ የማረገው እንደዚ ነው፣ በነጋታው ፎቶ ቤት ሄጄ አሳጥባለሁ፣ ቴሌግራም ያለው ልጃቸው ቢኖርም ለትልቅ ሰው ወረቀቱ ይሻላል፣ ኤንቨሎፕ ላይ የሰውየውን ስምና የመንደሩን ስም በደምብ እፅፋለሁ፣ ከዛ ለሊት መናኸሪያ ሄጄ ለማውቀው ሹፌር እሰጠዋለሁ፣ እሱ አርባ ምንጭ ሲደርስ ለጨንቻ ሚኒባስ ረዳት ያቀብለዋል። እስካሁን አንድም አልጠፋብኝም። የዛች እናት ፎቶ በሁለተኛው ቀን ነው የደረሳቸው፣ ልጃቸው ደውሎ አገናኘኝና ግድግዳው ላይ ከበሩ በስተቀኝ እንደሰቀሉት ነገሩኝ።