የሸዋን መጣጥፍ በመዝገበ ዕውቀት ውስጥ አጭርና ትክክለኛ አድርጎ ስለ መያዝ

ይህን የምጽፍበት ቤት የሚገኘው ቡራዩ ነው። ቤቱ የቆመበት መሬት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በመናገሻ አውራጃ ሥር ነበረ፤ በደርግ ዘመን ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ከዚያም አካባቢው በኦሮሚያ ክልል፣ በኋላም በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ውስጥ ተካለለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር ሆነ። ስለ አንድ ጠቅላይ ግዛት የሚጻፍ መጣጥፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተውም እንዲህ ባለው ነገር ነው፤ ቦታውን ይነግረናል፣ ዘመኑን ግን አይነግረንም።

ስለዚህ እርማቱን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይጀምሩ። «ሸዋ በመካከለኛው ኢትዮጵያ የሚገኝ ክፍለ ሀገር ነው» የሚል ካገኙ፣ ስሕተቱ ያለው «ነው» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ሰው ዛሬም «የሸዋ ሰው ነኝ» ቢልም፣ ሸዋ የሚባል ክፍለ ሀገር አሁን የለምና። በቦታው እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል፦ «ሸዋ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ከኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛቶች አንዱ ሆኖ የተደራጀ፣ በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገር የተባለ፣ ዋና ከተማው አዲስ አበባ የነበረ የቀድሞ የአስተዳደር ክፍል ነው።» ከዚያ በፊት የነበረው የሸዋ መንግሥት፣ ማለትም የአንኮበርና የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ታሪክ፣ የራሱ መጣጥፍ ይገባዋል፤ እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ሁለቱን በአንድ መጣጥፍ ማጨቅ ርዝመትን ብቻ ሳይሆን ስሕተትንም ይጨምራል፤ የመንግሥቱ ወሰንና የጠቅላይ ግዛቱ ወሰን አንድ አልነበሩምና።

ቀጥሎ የዓመታቱን ቁጥር አንድ በአንድ ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚወስደውም ሥራ ይህ ነው። «1987» የሚለውን ቁጥር እንመልከት። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የጸደቀበትና በሥራ ላይ የዋለበት ዓመት ነው፤ ሁለተኛው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራም የተካሄደው በዚሁ ዓመት ነው። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከሆነ ግን የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የተመሠረተበትና ነባሮቹ ክፍላተ ሀገር በአዲስ መልክ እንዲሸነሸኑ የተወሰነበት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1980 ዓ.ም. የዋለበት ዓመት ነው። «ሸዋ በ1987 ተከፋፈለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ተማሪ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ የሆነ ነገር አድርጎ ቢረዳው አይፈረድበትም። በመጣጥፉ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር፤ ሌላው የግድ ሲያስፈልግ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ከቁጥሩ አይለይ።

ከእንግሊዝኛ ምንጭ ቀን ሲመልሱ ሁልጊዜ ስምንት ዓመት አይቀንሱ፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ጎርጎርዮሳውያኑ ዓመት መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974ን ስምንት ቀንሼ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን መውረድ በ1966 ዓ.ም. አድርጌ ጽፌ ነበር፤ መስከረም 2 ቀን 1967ን የማያውቅ ሰው እንደሌለ አፍሬ ያስታወስሁት ጽሑፉን ሌላ ሰው ካረመው በኋላ ነው።

የጠቅላይ ግዛቱ መሬት ዛሬ የት የት እንደ ደረሰ አንባቢው ማወቅ ይፈልጋል፤ ይህን በአንድ አንቀጽ መጨረስ ይቻላል። አብዛኛው በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ውስጥ ነው፤ ቀድሞ በከምባታና ሐዲያ አውራጃ ሥር የነበረችው ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ራሷን የቻለች ከተማ አስተዳደር ናት። በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ሰሜን ሸዋ» ብቻ ብሎ መተው አይገባም፤ ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉና፣ አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው በአማራ ክልል፣ ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው በኦሮሚያ ክልል። የከተሞችን ስም በተመለከተም በዘመኑ ይሠራበት የነበረውን ጽፎ፣ የዛሬውን መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ማስከተል ይበቃል፦ ናዝሬት (አዳማ)፣ ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ)፣ ሀገረ ሕይወት (አምቦ)።

የሕዝብ ቁጥር ያለ ቆጠራው ዓመት አይጻፍ። አገሪቱ እስካሁን ያካሄደቻቸው ብሔራዊ ቆጠራዎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ሁሉ ትንበያ ስለሆነ «ትንበያ» ይባል። የአዲስ አበባ 2,739,551 ነዋሪ የ1999 ቆጠራ ውጤት እንጂ የዛሬ ቁጥር አይደለም። የዛሬዎቹን ዞኖች ሕዝብ ደምሮ «የሸዋ ሕዝብ» ብሎ መጻፍም የባሰ ስሕተት ነው፤ ወሰኖቹ ስለተለዋወጡ ድምሩ የማንንም አገር ሕዝብ አይገልጽም።

ማሳጠሩ ከዚህ በኋላ ይቀላል። «የጀግኖች መፍለቂያ»፣ «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ» የሚሉትን ያውጡ፤ እንዲህ ያልተባለለት ጠቅላይ ግዛት የለምና። ረጅሙን የታዋቂ ሰዎች ዝርዝርም ያውጡ። አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ተነሥቶ በሸዋ በኩል እንደሚያልፍ ይጻፍ፤ በአፋር በረሃ የት እንደሚቀር የወንዙ መጣጥፍ ይንገረን።

ምንጭን በተመለከተ፣ ስለ አከላለል ሲጠራጠሩ በሰው ወሬ ወይም ከሌላ ድረ ገጽ በተገለበጠ ካርታ ከመተማመን ይልቅ አዋጁ የወጣበትን ነጋሪት ጋዜጣ ይፈልጉ። ዛሬም አረጋውያን ወመዘክር እያሉ በሚጠሩት በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቀን መዋል፣ በስልክ ሳምንት ከመፈለግ ይሻላል።

አንድ ነገር ሲያወጡ ወይም ሲያርሙ ምክንያቱን በአጭሩ በማረሚያው ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ፦ «ቁጥሩ የ1987 ቆጠራ ነው፣ በ1999 ተተካ»፣ «ስለ አንኮበር የነበረው አንቀጽ ወደ ሸዋ መንግሥት ተዛወረ»። ይህ ካልተደረገ፣ በቅን ልቡና የመጣ ሌላ ጸሐፊ ያወጡትን ሁሉ «ጎድሏል» ብሎ በማግስቱ ይመልሰዋል።