የአዋሽ ዳር ዋልካ መሬት፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ከቆቃ ግድብ በታች፣ ከአዳማ በስተደቡብ እስከ ወንጂ በአዋሽ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ሜዳ ወንዙ በሞላ ቁጥር ያመጣውን ደለል እያስተኛ የሠራው መሬት ነው። ጎርፉ ከወንዙ ሞልቶ ሲወጣ ሻካራውን አሸዋ እዚያው ዳር ላይ ይጥላል፤ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰውን የሸክላ ቅንጣት ግን ውሃው ረግቶ እስኪቆም ድረስ ተሸክሞት ይሄዳል። ስለዚህ ለወንዙ የቀረበው ማሳ ብዙ ጊዜ ቀላል አፈር ሲሆን፣ ራቅ ብሎ ዝቅ ያለው ማሳ አርሶ አደሩ ዋልካ፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የሚለው ከባድ ጥቁር አፈር ይሆናል። የዚህ አፈር ችግሮች መልካቸው ብዙ ቢሆንም አብዛኞቹ የሚመነጩት ውሃ በውስጡ ከሚሄድበት ወይም ከሚቆምበት መንገድ ነው። በመሆኑም ምርመራው ከቅጠል ሳይሆን ከጉድጓድ መጀመር አለበት የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ከሁሉ በፊት፦ ጉድጓዱ

ሰብሉ በተጎዳበትና ደህና በሆነበት ቦታ ላይ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቁ ሁለት ጉድጓዶች ይቆፍሩ። ከየ20 ሴንቲ ሜትሩ አንድ እፍኝ አፈር አንሥተው በውሃ ያርጥቡና በመዳፍዎ መካከል እንደ ገመድ ያሹት፤ ገመዱ ሳይሰነጠቅ ቀለበት ሆኖ ከታጠፈ አፈሩ ከባድ ሸክላ ነው። ከዚያ የጉድጓዱን ግድግዳ ይመልከቱ። ግራጫ መልክና የዝገት ነጠብጣብ ውሃ የሚተኛበትን ጥልቀት ያሳያል፤ እንደተወለወለ የሚያብረቀርቅ ገጽታ ደግሞ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር እርስ በርሱ የተፋተገበትን ቦታ ያመለክታል።

ምልክት፦ ሰብሉ ከዝናብ ወይም ከመስኖ በኋላ ይገረጣል፣ ዕድገቱም ይቆማል

በብዛት የሚሰማው ስሞታ ይህ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ቀድመው ይወይባሉ፤ በአንድ ረድፍ ላይ ከፍ ያለው ቦታ አረንጓዴ እንደሆነ ዝቅ ያለው ብቻ ይገረጣል፤ ሽንኩርቱ ሲነቀልም ሥሩ ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኖ ይገኛል፣ በጣት ሲሳብም ልጣጩ ይወልቃል።

ምክንያቱ ውሃ ስለተኛበት ነው። ዋልካ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ቀዳዳዎቹ ስለሚዘጉ በሰዓት የሚያሰርገው ውሃ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። አየር ሲጠፋ ሥሩ ይታፈናል፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅኑን ከናይትሬት መውሰድ ስለሚጀምሩ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ቅጠሉ ናይትሮጅን የጎደለው መምሰሉ ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ የጎደለውን ከመተካት መጀመሩ ላይ ነው።

ይህንን የተማርሁት ወንጂ አቅራቢያ በተከራየሁት ግማሽ ሄክታር ላይ ነው። ሽንኩርቱ ሲወይብ ሁለት ጊዜ ዩሪያ ጨመርሁበት፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ዶማ ይዤ ስቆፍር በ25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አፈሩ ግራጫ ሆኖ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይሸታል፤ ከላይ ያለው ሁለት ጣት የሚሆን አፈር ግን ደርቆ መስኖ የሚፈልግ ይመስል ነበር። በዚህ ደረቅ ገጽታ ተታለን ውሃ የምንጨምር ብዙ ነን።

መፍትሄው በመጀመሪያ መስኖውን ማቆም፣ ቀጥሎም የተኛውን ውሃ ማስወጣት ነው። የማፋሰሻ ቦዩን ከመቆፈርዎ በፊት መውጫውን ያረጋግጡ፤ ቦዩ ከማሳው ዝቅ ወዳለ ቦታ ካልደረሰ ረጅም ኩሬ ከመሆን አያልፍም። ዩሪያው የሚጨመረው ውሃው ከወጣና አዲስ ነጭ ሥር መታየት ከጀመረ በኋላ፣ ያውም ተከፋፍሎ መሆን አለበት። ለሚቀጥለው ዘመን ደግሞ ሰብሉን በሰፊ መደብ ላይ መዝራት ይገባል። በሬዎች የሚጎትቱት ቢቢኤም የተባለው መሣሪያ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ያወጣል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ አርሶ አደሮች መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ተመሳሳይ መደብ በእጃቸው ሲሠሩ መኖራቸው ሐሳቡ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

ምልክት፦ ከማሳው ራስ የገባው ውሃ ይሰወራል፣ ጭራው ይጠማል

በበጋ ከሁለት መስኖ መካከል ረጅም ጊዜ ሲያልፍ ዋልካው ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊጠልቅ ይችላል። የሞተሩ ውሃ መጀመሪያ የሚሞላው ያንን ስንጥቅ ስለሆነ ነዳጁ ሲያልቅ የማሳው ጭራ ገና ደረቅ ነው፤ መሬቱ ሲሰነጠቅም ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። መፍትሄው ሥራውን ከስንጥቁ መቅደም ነው። ገጹ መድረቅ ሲጀምር በጥልቀት ሳይሆን ላይ ላዩን መኮትኮት ስንጥቁን በደቃቅ አፈር ይደፍነዋል፤ የመስኖው ልዩነት ማጠር፣ በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው መጠንም መቀነስ አለበት። ስንጥቁ ከሰፋ በኋላ ግን ቦዮቹን አሳጥሮ በየተራ ማጠጣት ይሻላል።

ይኸው እብጠትና ኩምትሬ የአጥር ምሰሶ ያጋድላል፤ መሠረቱ በዋልካ ላይ ያረፈ ቤትም በየዓመቱ የሚሰፋና የሚጠብ ስንጥቅ ያወጣል። ስንጥቁን በሲሚንቶ ደጋግሞ መድፈን ምክንያቱን አይነካም። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ከመሠረቱ ማራቅ፣ አዲስ ለሚሠራ ቤት ደግሞ ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ያስፈልጋል።

ምልክት፦ በመደቡ ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል፣ ወይም ገጹ እንደ ጡብ ይጠጥራል

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ ስለሚመሳሰሉ ግን አንዱ በሌላው መድኃኒት ይታከማል። የተቆፈረውን ጉድጓድ ለአንድ ቀን ክፍት ይተዉት፤ ውሃ ከሥር እየመነጨ ከገባበት የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው፣ ጨውን ይዞ እየወጣ ገጹ ላይ ይተወዋል። ከዚያ አውራ ጣት የሚያህል ደረቅ ጓል ወስደው ንጹሕ የዝናብ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳይነኩ ያስቀምጡት። ጓሉ ቢፈርስም ውሃው ጥርት ካለ ችግሩ የሶዲየም አይደለም፤ በጓሉ ዙሪያ እንደ ወተት ያለ ደመና ከተነሣ ግን ሶዲየም የሸክላውን ቅንጣቶች እየበታተናቸው ነው። በላቦራቶሪ ውጤት ላይ በሸክላው ላይ ከተያያዙት ንጥረ ነገሮች መካከል የሶዲየሙ ድርሻ ከ15 በመቶ፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤችም ከ8.5 በላይ ሆኖ ሲገኝ ይህ ይረጋገጣል።

ለተራው ጨው መፍትሄው ማፋሰሻ ማውጣትና በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው፤ እስከዚያው ችግኙን ጨው ከሚሰበሰብበት ከመደቡ ጫፍ ይልቅ ጎኑ ላይ ይትከሉት። ለሶዲየሙ ማጠብ ብቻውን ጉዳቱን ያባብሳል፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን እንዲተካው ጂፕሰም የተባለውን ካልሲየም ያለበት ማዕድን መጨመር፣ መጠኑንም በላቦራቶሪ ውጤት መወሰን ያስፈልጋል። የውሃውን ምንጭም ይመርምሩ፤ በስምጥ ሸለቆ ያለው የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት ዋልካን ለዓመታት በእርሱ ማጠጣት ችግሩን በገዛ እጅ መፍጠር ይሆናል።

ምልክት፦ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ምርቱ ግን አነስተኛ ነው

የሰሜን አሜሪካ የሣር ሜዳ አፈር የጠቆረው በሣር ሥር ብስባሽ ነው፤ የእኛ ዋልካ ግን ብስባሹ አነስተኛ ሆኖም ሊጠቁር ስለሚችል በመልኩ መተማመን አይገባም። የሰብል ቅሪት፣ ኮምፖስት፣ ከሽምብራ ወይም ከጓያ ጋር ማፈራረቅ ይረዳዋል።

ምልክት፦ ሲታረስ ትልልቅ ጓል ያወጣል፣ ወይም ማረሻው ላይ ይጣበቃል

ደርቆ ሲታረስ ድንጋይ፣ ረጥቦ ሲታረስ ጭቃ ይሆናል፤ በመካከል ያለው ተስማሚ ጊዜ የጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ቀኑን ለመለየት አፈሩን ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት ያውጡና በመዳፍዎ መካከል እንደ ገመድ ያሹት። ሳይበጠስ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከቀጠነ ገና ነው፣ በተለይ ትራክተር ማስገባት ከሥር ጠጣር ንጣፍ ይፈጥራል፤ ከዚያ ሳይቀጥን በፊት ከተፈረካከሰ ግን በዚያው ዕለት በሬዎቹን ይጥመዱ።