ባትሪው ላይ የተለጠፈው ስም የማን ነው? እንዲህ አጣሩ

አንድ ጊዜ የመኪናዬ ባትሪ ሞቶ አዲስ ልገዛ ስል ሁለት ዓይነት ቀረበልኝ። አንዱ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ስም ነው፤ ሌላውን ሰምቼውም አላውቅ። ጨምሬ ከፍዬ ታዋቂውን ይዤ ሄድኩ። ሁለቱንም ፎቶ አንስቼ ስለነበር በኋላ ሳስተያያቸው ግን ክዳኑም፣ እጀታውም፣ አምራቹን የሚናገረው ትንሽ ጽሑፍም አንድ ሆኖ አገኘሁት። የተለያየው ስቲከሩ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስሙን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። «አምራች፦ እገሌ» ካለ ፋብሪካው ያ ነው። «ለእገሌ የተመረተ» ካለ ግን እገሌ ስሙን ያስለጠፈ ደንበኛ ነው፣ የሠራው ሌላ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የባትሪ ንግድ ድሮም እንዲህ ነው። ቦሽን ውሰዱ፤ በስሙ የሚሸጠውን የማስነሻ ባትሪ የሚያሠራው ሌሎች ፋብሪካዎች ጋር ነው። አሜሪካ ውስጥ ዳይሃርድ የሚባለው ስም በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሲርስ ከሚባለው የመደብር ኩባንያ ነው። በ2019 ደግሞ የመኪና ዕቃ የሚሸጠው አድቫንስ ኦቶ ፓርትስ በ200 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የተገዛው እንግዲህ ስም ነው፣ ፋብሪካ አይደለም!

ቀጥሎ የስሙን ባለቤት ፈልጉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ምክንያቱም አንድ ስም ሁለትና ሦስት ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ቫርታ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመኪናውን ባትሪ ክፍል በ2002 ጆንሰን ኮንትሮልስ የሚባል ኩባንያ ገዛው፣ በ2019 ያው ክፍል በ13.2 ቢሊዮን ዶላር ለካናዳው ብሩክፊልድና ለአጋሮቹ ተሸጠና ክላሪዮስ ተባለ። የእጅ መብራትና የጆሮ ማዳመጫ ባትሪ የሚሠራው የጀርመኑ ቫርታ ኩባንያ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ስለ አንዱ የሰማችሁትን ክፉም ሆነ ደግ ወሬ ለሌላው አታሸክሙት። ኦፕቲማ፣ የሜክሲኮው ኤልቲኤች፣ የብራዚሉ ሄሊያርም የዚሁ የክላሪዮስ ልጆች ናቸው።

ኤክሳይድ ይባስ። ሕንድ ውስጥ ስሙ የኮልካታው ኤክሳይድ ኢንዱስትሪስ ነው፣ ከአውሮፓው ኤክሳይድ ጋር ስም እንጂ ባለቤት አይጋሩም። የአሜሪካው ደግሞ በ2020 ከስሮ ፋብሪካዎቹ ስትራይተን ወደሚባል ኩባንያ ሄዱ። ኤክሳይድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥመኝ፣ መልሴ «የየት አገሩ?» ነው።

የሌሎቹን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጂኤስ ዩአሳ የጃፓን ነው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኪዮቶ፤ ሁለት ተፎካካሪዎች በ2004 ተዋህደው የፈጠሩት። ጂኤስ የሚለው ደግሞ ጌንዞ ሺማዙ የሚባል ሰው ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። አማሮን የሕንዱ አማራ ራጃ ነው (አይ፣ ከእኛ አማራ ጋር አይገናኝም)። ከኮሪያ ሮኬት የሴባንግ፣ ሶላይት የሂዩንዳይ ሱንግዉ፣ ሃንኩክም ከሃንኩክ ጎማ ጋር የአንድ ቤት ነው። ኮሪያዎቹ በሌላ ሰው ስም አምርተው ወደ ውጭ በመላክም የታወቁ ናቸው። እና «የኮሪያ ሥሪት» የሚል የማታውቁት ስም ካያችሁ ቶሎ አትናቁት።

አሁን ባትሪው ላይ ወደተጻፈው ቁጥር። የጃፓን አጻጻፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ 55ቢ24ኤል (55B24L)፣ 24 ርዝመቱ በሴንቲሜትር ነው፣ ቢ የወርድና የቁመት መደብ፣ የመጨረሻው ፊደል የፖሎቹ አቀማመጥ። 55ቱ አምፔር ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ) አይደለም! የአቅም ደረጃ ነው፤ ባትሪው 45 አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። በጀርመኑ አጻጻፍ 574 ብሎ ከጀመረ ግን 12 ቮልት፣ 74 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። የማስነሻ ጉልበቱን ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ መለኪያ መሆኑን እዩ፤ ያው ባትሪ በድሮው የጀርመን መለኪያ በዲን (DIN) ሲለካ ከአውሮፓው ኢኤን (EN) ያነሰ ቁጥር ይሰጣል።

የተመረተበትን ቀን ሳታዩ አትክፈሉ። አንዳንዱ ፋብሪካ በአንድ ፊደልና በአንድ ቁጥር ያትማል፦ ሲ5 (C5) ማለት ሦስተኛው ወር፣ በ5 የሚያልቅ ዓመት። ሌላው የራሱ ረጅም ኮድ አለው፣ የአምራቹን ማብራሪያ ማየት ነው። ቆሞ የከረመ ባትሪ ራሱን ቀስ በቀስ ይጨርሳል፣ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ፕሌቶች ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርና አቅሙ ይወርዳል። መልቲሜትር አስጠጉ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሩቡ ጎድሏል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ አምጣ በሉ።

ከአንድ ፋብሪካ ወጡ ማለት ግን ውስጣቸው አንድ ነው ማለት አይደለም። ደንበኛው ርካሽ ካዘዘ ርካሽ ይሠራለታል። መጠናቸው እኩል ከሆነ አንሱና መዝኗቸው፣ ከበድ ያለው ብዙ ጊዜ እርሳሱ የበዛው ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ ላይ ደግሞ ጥያቄው ለሁለት ይከፈላል፦ ሴሉን (ውስጡ ያለውን ትንሹን ባትሪ) ማን ሠራው፣ ፓኩን (ሴሎቹ የተደረደሩበትን ሙሉ ባትሪ) ማን ገጣጠመው? ሴሉን በብዛት የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ከቻይና ካትል (መሠረቱ ኒንግዴ ከተማ) እና ለራሱ መኪና ራሱ የሚሠራው ቢዋይዲ፣ ከኮሪያ ኤልጂ፣ ሳምሰንግ ኤስዲአይና ኤስኬ ኦን፣ ከጃፓን ፓናሶኒክ። አንድ ሞዴል ግን አንድ ሴል ብቻ ይጠቀማል ብላችሁ እንዳትደመድሙ፣ ቴስላ ሞዴል 3 እንደ ተሠራበት ቦታና እንደ ዓይነቱ የፓናሶኒክ፣ የኤልጂ ወይም የካትል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሻሲ ቁጥሩን ይዛችሁ አምራቹን ጠይቁ። ጥቅሙ ቻርጅ ላይ ይታያል፦ በብረትና ፎስፌት የተሠራውን ቴስላ ቢያንስ በሳምንት አንዴ እስከ 100 በመቶ ሙሉት ይላል፣ ኒኬል ያለበትን ግን ለዕለት ተዕለት 80 በመቶ አካባቢ ላይ ማቆም ይሻላል።