ዘይት የሚያፈስ የኋላ አክስል፦ ኦይል ሲሉን ከመወንጀልዎ በፊት

የአሮጌ ፒክአፕ የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል ዘይት ሲለብስ አብዛኛው ሰው ቀጥታ ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ በላስቲክ ከንፈሩ ዘንጉን የሚከብ ቀለበት፣ ገዝቶ ይመጣል። ሲል እርግጥ ያረጃል፣ ይደርቃል። አምና የተቀየረው ዘንድሮ ደግሞ ካፈሰሰ ግን ጥፋቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

መጀመሪያ የሚፈሰው ምን እንደሆነ ይለዩ። መኪናውን ከታች እንደተገለጸው አንስተው ጎማውንና ታምቡሩን (ፍሬኑን የሚሸፍነውን ክብ ብረት) ያውልቁና ፈሳሹን በጣትዎ ይንኩ። የዲፈረንሻል፣ ማለትም በአክስሉ መሀል ያለው የጥርስ ቤት፣ ዘይት ወፍራም ነው፤ የድኝ ሽታው ከእጅ ቶሎ አይለቅም። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ቀለምም ይልጣል። ይህ ከሆነ በሽታው ያለው የጎማው የፍሬን ሲሊንደር ላይ ስለሆነ አክስሉን አይንኩት።

ቀጥሎ መተንፈሻው። አክስሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መውጫ ካጣ ዘይቱን በሲሉ ከንፈር በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። በአክስሉ ቤት አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈትተው ጭቃዋን ያጽዱና አየር ማሳለፏን ያረጋግጡ። ከሁሉም ርካሹ ጥገና ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፣ ለፊት ጎማዎች ታኮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። በክሪክ አንስተው በጠንካራ ቋሚ ድጋፍ ላይ ያሳርፉት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ጎበዝ አይደለም። የሚሠሩበትን ጎን ከሌላው ከፍ ካደረጉት ዘይቱ ወደ ማዶ ስለሚያዘነብል ብዙ አይፈስብዎትም።

የአክስሉ ዘንግ የሚያዝበት መንገድ እንደ መኪናው ይለያያል። በአንዳንዱ ዘንጉ ዲፈረንሻሉ ውስጥ በግማሽ ቀለበት ይያዛል፤ የኋላውን ክዳን ከፍተው የመሀል ፒኑን ማውጣት ግድ ነው። ፒኑ ከወጣ በኋላ ዘንጉን አያዙሩ፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ከቦታቸው ይወጣሉ። በሌላው ግን ዘንጉን የያዙት ከፍሬን ሳህኑ (የፍሬን ዕቃዎቹ ከታሰሩበት ክብ ብረት) ጀርባ ያሉ ዳዶዎች ናቸው። እነሱ ተፈትተው ዘንጉ አልወጣ ካለ ታምቡሩን ገልብጠው ያስገቡ፣ የጎማ ዳዶዎቹን ጫፍ ላይ ብቻ ያሲዙና ታምቡሩን በኃይል ወደ ራስዎ ይሳቡት። ዳዶዎቹን ሲመታ ዘንጉን ይዞት ይመጣል።

አሁን አይቸኩሉ። ዘንጉን በጨርቅ አጽድተው የሲሉ ከንፈር የሚያርፍበትን የሚያብለጨልጭ ቀለበት ይፈልጉ። የአውራ ጣትዎን ጥፍር በላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሳቡ። ጥፍሩ ከተያዘ ብረቱ ተቦርቡሯል፤ የፈለጉትን ያህል ውድ ሲል ቢገዙ አይዘጋውም። መፍትሔው በቦታው ላይ የሚገባ ስስ የብረት እጅጌ ወይም ሌላ ዘንግ ነው። ኩሽኔታውንም በእጅ ያዙሩት። ከሻከረ ወይም ከተወዛወዘ ዘንጉ ስለሚንገዋለል የሲሉ ከንፈር ሊከተለው አይችልም። ተጨምቆ የገባ ኩሽኔታ ፕሬስ ይፈልጋል፤ የሚይዘው ቀለበትም አዲስ መሆን አለበት።

አሮጌውን ሲል ከማውጣትዎ በፊት ምን ያህል ጠልቆ እንደተቀመጠ ይለኩ። በካቻቢቴ ሲፈነቅሉት ቤቱን አይጫሩ። የአዲሱን ከንፈር ግራሶ ይቀቡ፤ ምንጩ፣ ማለትም ከንፈሩን የሚያጠብቀው ስስ ስፕሪንግ፣ ወደ ዘይቱ ይዙር። የሲሉን ጠርዝ የሚያህል ክብ ብረት ደግነው ዙሪያውን በዝግታ እኩል ይምቱ። ዘንጉን ሲመልሱ ክብደቱን በሁለት እጅ ይሸከሙት። የዘንጉ ጫፍ ጥርስ በከንፈሩ ላይ ከተጎተተ ሲሉ ገና መንገድ ሳይወጣ ተቀደደ ማለት ነው።

ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ የሚወዱ አሉ። ሸራው ሲግል የጠጣውን ይተፋዋል፣ መኪናውም ሲፈረን ወደ አንድ ጎን ይስባል። የግራና የቀኙን አብረው ይቀይሩ። ደረቁን ብናኝ በአየር አይንፉት፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አርጥበው ይጥረጉት።

በመጨረሻ መኪናውን ከድጋፉ አውርደው ደልዳላው መሬት ላይ እንደቆመ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ዘይት፣ ለብዙዎቹ 80ደብሊው-90 (የውፍረት መለያው) ጂኤል-5 (የጥራት ደረጃው) ነው፣ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ እስኪደርስ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ትርፍ ተመልሶ ሲሉን ነው የሚገፋው። የፍሬን ሳህኑን ጀርባ አድርቀው ይጥረጉና ጥቂት ነድተው፣ አክስሉ እንደሞቀ በባትሪ መብራት ይመልከቱት።