በውሃ ለሚበጠበጥ የህትመት ቀለምና ቅብ የአክሪሊክ ብሎክና ኮከብ ፖሊመር እንዴት ይነደፋል?

በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ውስጥ ያለ ፖሊመር (ትንንሽ ሞለኪዩሎች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት) ሁለት የሚጣረሱ ሥራዎች ይጠበቁበታል፤ በዕቃው ውስጥ እያለ ከውሃ ጋር ተስማምቶ የፒግመንት (የቀለም ሰጪው ዱቄት) ቅንጣቶችን አራርቆ መያዝ፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ውሃን መቋቋም። ውሃ ወዳድና ውሃ ጠል ሞኖመሮች (የሰንሰለቱ አሃዶች) በዘፈቀደ ተደባልቀው ሲያያዙ ሁለቱም ሥራዎች በከፊል ብቻ ይሟላሉ። እነዚያው ሞኖመሮች በየራሳቸው ብሎክ (ተከታታይ የሰንሰለት ክፍል) ሲሰለፉ ግን አንደኛው ጫፍ ፒግመንቱን ይጨብጣል፣ ሌላኛው ወደ ውሃው ይዘረጋል።

ንድፉ የሚጀምረው ከፒግመንቱ እንጂ ከፖሊመሩ አይደለም። የካርቦን ጥቁርና የብዙዎቹ ኦርጋኒክ ፒግመንቶች ገጽ አሮማቲክ (የካርቦን) ቀለበቶች ስላሉት ተመሳሳይ ቀለበት ያለው ቤንዚል ሜታክሪሌት ጥሩ መልሕቅ ይሆናል። ለውሃ ወዳዱ ብሎክ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ሜታክሪሊክ አሲድ ነው። ለመነሻ ያህል ከእያንዳንዱ 12 አሃድ ብንወስድ፣ 12 ጊዜ 176 እና 12 ጊዜ 86 ተደምረው ወደ 3,140 የሚጠጋ ሞለኪዩላዊ ክብደት ይሰጣሉ፤ የአሲድ ቁጥሩም (አሲዱን ገለልተኛ ለማድረግ የሚያስፈልገው የቤዝ መጠን) በግራም ፖሊመር ወደ 214 ሚሊግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። የአሲዱን ብሎክ ለጥንቃቄ በሚል ከሚያስፈልገው በላይ ማስረዘም የተለመደ ስህተት ነው፤ ብጥብጡን የተረጋጋ ቢያደርገውም የደረቀው ቅብ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ እንዲለቅ ያደርጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአሠራር ዘዴ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው ራፍት የተባለው፣ የሰንሰለቶችን እድገት በልዩ ወኪል የሚቆጣጠር ዘዴ አሲድ ያላቸውን ሞኖመሮች ሳይሸፍኑ ለማያያዝ ስለሚያስችል እዚህ ላይ ይመቻል። በ1 ሞል የራፍት ወኪል 12 ሞል ቤንዚል ሜታክሪሌት ይለካል፤ ምላሹን የሚያስጀምረው ራዲካል አመንጪ ደግሞ የወኪሉ አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አሥረኛ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በጊዜያቸው ሳይሆን ያለጊዜያቸው የሚቆሙ ሰንሰለቶች ይበዛሉ። ኦክስጅን ራዲካሎችን ስለሚያጠፋ በድብልቁ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል ናይትሮጅን ይነፋል፤ ከዚያም ሁለቱንም ብሎኮች በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቃል። የመጀመሪያው ሞኖመር አብዛኛው ካለቀ በኋላ ሜታክሪሊክ አሲዱ ይጨመራል። ሜታክሪሌትና አክሪሌት በተለያየ ብሎክ የሚገቡ ከሆነ ሜታክሪሌቱ ይቅደም፤ የተገላቢጦሹ ቅደም ተከተል ብሎኮቹን በቅጡ አያያይዝም። የራፍት ወኪሎች ቢጫ ወይም ቀይ መልክና የሚከረፋ የድኝ ሽታ ስላላቸው፣ ምርቱ ለነጭ ቅብ የታሰበ ከሆነ የሰንሰለቱን ጫፍ በኋላ ማስወገድ ያስፈልጋል። ሞኖመሮቹ ቆዳን ስለሚያስቆጡና አሲዱ ስለሚያቃጥል ሥራው ያለ ጓንት፣ መነጽርና አየር መሳቢያ አይጀመርም።

የተገኘው ፖሊመር በውሃ የሚበተነው አሲዱ በቤዝ ገለልተኛ ሲደረግ ነው፤ ፒኤቹን ከ8 እስከ 9 ማድረስ በቂ ነው። የቤዙ ምርጫ ቀላል ጉዳይ ቢመስልም የደረቀውን ቅብ ጠባይ ይወስናል። አሞኒያ ሲደርቅ ተንኖ ስለሚሄድ አሲዱ ገለልተኛ ከመደረጉ በፊት ወደነበረው፣ ውሃን ያን ያህል ወደማይስብ መልኩ ይመለሳል፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ግን እዚያው ይቀራል። በሌላ በኩል አሞኒያ በህትመት ማሽን ላይ እያለም ስለሚተን ቀለሙ ያለጊዜው ሊወፍር ይችላል።

ኮከብ ፖሊመር የሚያስፈልገው ጠንካራ ቅብ ለማግኘት ትልቅ ሞለኪዩል ተፈልጎ፣ ቀጥ ያለው ሰንሰለት ግን ፈሳሹን ሲያወፍረው ነው። ክንዶቹ ከአንድ እምብርት ስለሚወጡ ኮከቡ እኩል ክብደት ካለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህም ዝልግልግነቱ ይቀንሳል። አንዱ መንገድ አራት ጫፍ ካለው አስጀማሪ ክንዶችን ማሳደግ ነው። ሌላው ክንዶቹን አስቀድሞ ሠርቶ እንደ ኤትሊን ግላይኮል ዳይሜታክሪሌት ባለ ሁለት እጅ ሞኖመር ማስተሳሰር ነው፤ በዚህኛው መንገድ አስተሳሳሪው ከበዛ ጠቅላላው ድብልቅ ወደማይሟሟ ጄል ይለወጣል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ይጨመር።

ቅቡ በክፍል ሙቀት ተጋጥሞ ወጥ ሽፋን እንዲሆን ከተፈለገ፣ ፖሊመሩ ከብርጭቆ መሰል ድርቀት ወደ ጎማ መሰል ልስላሴ የሚያልፍበት ሙቀት ከየሞኖመሩ የክብደት ድርሻ በሚያሰላው በፎክስ ቀመር ይገመታል። በክብደት 60 በመቶ ሜቲል ሜታክሪሌትና 40 በመቶ ቡቲል አክሪሌት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሰጣሉ።

የመጨረሻው ሥራ ብጥብጡን በ60 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት አቆይቶ ከበፊቱ ጋር ማነጻጸር ነው። ቅንጣቶቹ ከተለቁ ወይም ፈሳሹ ከወፈረ መልሕቁ ከፒግመንቱ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ፖሊመር ከመጨመር ይልቅ ውሃ ጠሉን ብሎክ በጥቂት አሃዶች አስረዝሞ እንደገና መሞከር ይሻላል፤ ፒግመንቱን ያልጨበጠ ትርፍ ፖሊመር በውሃው ውስጥ ቀርቶ ዝልግልግነቱን ይጨምራል፣ በኢንክጄት ማተሚያም ቀዳዳውን ይደፍናል።