በአቃቂ ወንዝ ዳር ለክረምት ጎርፍ ሲዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአየር ንብረት ፍትሕ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን በሀብታምና በድሃ አገሮች መካከል ያለው ሙግት ነው። ሙግቱ ተገቢ ነው፤ አፍሪካ በዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ውስጥ ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያው በደል ግን በአንድ ከተማ ውስጥም ይደገማል። ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች የሚነሱት ወንዞች የአዲስ አበባን ጣራና አስፋልት ያጠበውን ውሃ ሰብስበው፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ሆነው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። ላይኛው ሰፈር መሬቱን በኮንክሪት በሸፈነ ቁጥር ታች የሚደርሰው ውሃ ይበዛል፣ ይፈጥናልም። ታች የሚጠብቀው ርካሽ ኪራይ ፈልጎ ወንዝ ዳር የገባው ሰው ነው። የእድርና የወረዳ ኮሚቴዎች በቅን ልብ ሲሠሩ እንኳ ይህን ሰው የሚጎዱባቸው ስህተቶች አሉ።

በቤት ቁጥር መመዝገብ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ መዝገቡ ከተሳሳተ የቀረው ሁሉ ይሳሳታል። በመዝገብ አንድ የቤት ቁጥር ያለው ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ቤተሰብ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሰርቪስ ቤቱ የሚሠራው ከጓሮ፣ ለወንዙ በቀረበው በኩል ነው። ውሃው መጀመሪያ የሚገባው እዚያ፣ እርዳታ ሲመጣ የሚጠራው ስም ግን የባለቤቱ። የእድር መዝገብም ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ያልቻለውን አይዝም።

ስለዚህ የሚቆጠረው በር ይሁን። በእያንዳንዱ በር ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡር፣ ያለ ደጋፊ የማይንቀሳቀስ ሰው፣ ወላጅ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ልጆች ብቻቸውን የሚያድሩበት ቤት ይጻፍ። ተከራይ ቤት ስለሚቀያይር ዝርዝሩ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይታደስ። የሰው ሕመም የተጻፈበት ወረቀት ግን ግድግዳ ላይ አይለጠፍ።

ስብሰባን በሥራ ቀን ጠዋት መጥራት

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ልብስ አጣቢዋ ሥራ ላይ ናቸው። እሑድ ከሰዓት ይሁን፤ ለኦሮምኛ ተናጋሪ አርሶ አደሮችም አስተርጓሚ ይኑር።

ግንብን በአንድ ዳር ብቻ መሥራት

አንዱን ዳር ብቻ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ማጠር ወንዙን ያጠብበዋል፤ የጠበበ ውሃ ይፈጥናል፣ ኃይሉንም ወደ ማዶ ያዞራል። ግንቡ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ በሚሰማ ሰው በኩል ስለሆነ ማዶ የሚፈርሰው ድምፅ የሌለው ቤት ነው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ዳር ነዋሪዎች አብረው ይሂዱና ያለፈው ጎርፍ ግድግዳ ላይ የተወውን የጭቃ መስመር በቀለም ያመልክቱ። ልኩ ከዚያ ይጀምራል።

ሥራውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተለመደው የሽቦ ሳጥን 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ከፍታ አለው፤ ቀዳዳው 8 በ10 ሳ.ሜ. ከሆነ ከዚያ ያነሰ ድንጋይ ሾልኮ ይወጣል። ከ10 እስከ 20 ሳ.ሜ. የሆነ ጠንካራ ድንጋይ በእጅ እየተደረደረ ይሞላ። በየ33 ሳ.ሜ. ከፍታው የፊቱና የኋላው መረብ በሽቦ ካልተሳሰረ ሆዱ ይነፋል። መሠረቱ ከወንዙ ወለል በታች ካልገባ ውሃው እግሩን ቆፍሮ ይጥለዋል። አቃቂ አካባቢ የሚበዛው መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በሲሚንቶ የተገነባ ግንብ ከሆነ ከኋላው ጠጠር ተሞልቶ በየ2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቱቦ ይግባለት። ያለዚያ ከጀርባው የታቆረው ውሃ ይገፈትረዋል።

የራስን ሰማይ አይቶ መረጋጋት

አቃቂ ላይ ፀሐይ ወጥታ እንጦጦ ሲዘንብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ከላይ ድልድይ አጠገብ የሚደውል ሰው ይመደብ። መልእክቱ በቴሌግራም ብቻ ከሆነ ስማርት ስልክ የሌለው አይሰማም፤ ፊሽካ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይጨመሩ። ወንዙ ዳር አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ እንጨት ይተከል። መሮጥ የሚችለው ውሃው ቀይ እስኪደርስ ጊዜ አለው፤ መሸከም የሚያስፈልገው ሰው ግን ቢጫው ላይ መውጣት አለበት። ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ሰው ሁለት ጎረቤቶች በስም ይመደቡለት፤ አንዱ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል።

ቦይ ጠርጎ ደለሉን ከዳር መተው

የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ጠረጋው በግንቦት ይለቅ፣ ደለሉም በዚያው ቀን ይጫን።

እርዳታን በቤት እኩል ማካፈል

ሁለት ሰው ላለበት ቤትና ስምንት ሰው ላለበት ቤት እኩል ዱቄት መስጠት እኩልነት ይመስላል፤ አይደለም። በነፍስ ወከፍ ይከፋፈል። የመጠጥ ውሃ ሲበከል ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና በሊትር 2 ጠብታ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ጀርም ይገድላል፤ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣን ክሮምየም ግን አያስወግድም። ስለዚህ የወንዙን ውሃ በበረኪና አክሞ መጠጣት አይገባም።

አቤቱታን በቃል ማቅረብ

ከላይ ፍሳሽ ሲለቀቅ ለመክሰስ የግል ጉዳት ማሳየት አያስፈልግም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ለማንኛውም ሰው የአቤቱታ መብት ይሰጣል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቀኑ የሚቆጠረው በማስረጃ ነው፤ አቤቱታው በሁለት ቅጂ ይጻፍ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ይደረግበት።

ልማት መጥቶ «ተነሱ» ሲባልም ወረቀት ይቅደም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ለተፈናቀለ ሰው ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያው ለተነካም ተመጣጣኝ ማካካሻ ይላል። ወንዝ ዳር ቆስጣ የሚያለማው ገበሬና ጓሮ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ተከራይ መተዳደሪያቸው ከቦታው ጋር ስለተሳሰረ፣ ከቤት ግምት ዝርዝሩ ጎን የእነሱም ገቢ በስማቸው ተጽፎ ይያዝ።